የባሕሩ ጸጥታ ሒሳብ ወልቂጤና ቡታጅራ ላይ ይወራረዳል

ታኅሣሥ 4 ቀን 2001 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ የምታውለበልብ «ጊቤ» የተባለች የንግድ መርከብ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በማለፍ ላይ ሳለች በጀልባ የመጡ የባሕር ወንበዴዎች ከበቧት። መርከቧ የድረሱልኝ ጥሪ አሰማች። በአካባቢው ቅኝት ላይ የነበረው «ማይሶር» የተባለው የህንድ የጦር መርከብ ፈጥኖ ደርሶ 23 ሰዎችን ከነመሣሪያቸው ያዘ። ከተያዙት ውስጥ 12ቱ ሶማሊያውያን፣ 11ዱ ደግሞ የመናውያን ነበሩ። «ጊቤ» ግን ጉዞዋን ቀጠለች።

መርከቧ ስሟን የወሰደችው ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚጓዝ ሾፌር ሁሉ ቁልቁለቱን ወርዶ ከሚሻገረው ወንዝ ነው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቡታጅራ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለው የባቡር ሐዲድ ብቻ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ ርቀት ላይ ተቀምጦ ስለ ባሕር ወንበዴና ስለ ሚሳይል ማውራት የዲፕሎማቶች ሥራ ይመስላል። የሁለቱ ከተሞች ገበያ ግን እንዲህ አያውቀውም። የማዳበሪያ ኩንታል፣ የቆርቆሮ ጥቅል፣ የቴርሞስ ካርቶን፣ የልጆች ጫማ፣ የናፍጣ በርሜል ዋጋው ሲሰላ የባሕሩ ጸጥታ በውስጡ ተቆጥሮ ነው። ልዩነቱ፣ የወልቂጤና የቡታጅራ ነጋዴ ሒሳቡን የሚከፍለው መርካቶ በብር ገዝቶ ስለሆነ፣ ዝርዝሩን አለማየቱ ብቻ ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። እስከ 1990 ዓ.ም. ግንቦት ድረስ የአገሪቱ ዋና በር አሰብ ነበር። በሁለቱ ከተሞች የሚሸጠው ጨው ሳይቀር አብዛኛው ከአሰብ የሚመጣ የባሕር ጨው ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ በሩ ተዘጋ፤ ጨው ፍለጋ ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ ዞረ። ሌላው ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ተገለበጠ። በዚያን ጊዜ በጨው ንግድ ላይ የነበሩ ሰዎች አንድ ወደብ በአንድ ሳምንት ከካርታ ሊጠፋ እንደሚችል የተማሩት በገንዘባቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ከአገሪቱ የባሕር ጭነት ከ10 እጁ ዘጠኙ የሚያልፈው በዚሁ በአንድ በር ነው።

ሁለት መንገድ፣ ሁለት ዓይነት ሥጋት

ስለ ቀይ ባሕር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ የጂኦግራፊ ጉዳይ አለ። ጅቡቲ ያለችው ከባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ በስተደቡብ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው። ስለዚህ ከቻይና፣ ከህንድ፣ ከዱባይ የሚመጣ ዕቃ ጅቡቲ ለመድረስ ወሽመጡን አያቋርጥም። በምሥራቅ በኩል ነው የሚገባው። በዚያ በኩል ያለው ሥጋት በዋናነት የሶማሊያ የባሕር ወንበዴ ነው። ከአውሮፓ፣ ከቱርክ፣ ከጥቁር ባሕርና ከሞሮኮ የሚመጣው ደግሞ በስዊዝ ቦይ ወርዶ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው በባብ ኤል መንደብ ማለፍ አለበት። ወደ አውሮፓ የሚላከው ቡናም የሚወጣው በዚሁ ነው። በዚህ በኩል ያለው ሥጋት የየመን ጦርነት ነው።

የመጀመሪያው ሥጋት ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2011 ነበር። በዚያ ዓመት ብቻ ለሶማሊያ ወንበዴዎች የተቆጠሩ 237 ጥቃቶች ተመዝግበዋል። ቤዛው፣ የጥበቃው፣ የመድኑና የመርከቦቹ ተጨማሪ ነዳጅ ተደምሮ በዓመቱ ዓለምን ያስወጣው ገንዘብ ከ6.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገምቷል። ከዚህ ውስጥ ቤዛው ትንሹ ድርሻ ነበር። ትልቁን የበሉት ጥበቃውና ፍጥነት ለመጨመር የተቃጠለው ነዳጅ ናቸው። ከዚያ የብዙ አገሮች የጦር መርከቦች ተሰማሩ፣ የንግድ መርከቦች የታጠቀ ዘበኛ መጫን ጀመሩ፣ የተያዙ ወንበዴዎችን የሚዳኙ ፍርድ ቤቶች ተገኙ። ጥቃቱ እየቀነሰ ሄዶ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2023 የመርከብ ኩባንያዎች ማኅበራት አካባቢውን «ከፍተኛ አደጋ ያለበት ቀጣና» ከሚለው መዝገብ አወጡት።

ደስታው አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። በኅዳር 2016 ዓ.ም. የየመን ሁቲዎች «ጋላክሲ ሊደር» የተባለችውን መኪና ጫኝ መርከብ በሄሊኮፕተር ወርደው ማረኳት። ከዚያ በኋላ በሚሳይልና በሰው አልባ አውሮፕላን የሚፈጸመው ጥቃት ተከታተለ። ትልልቆቹ የኮንቴይነር ኩባንያዎች ቀይ ባሕርን ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ፣ በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ በኩል መዞር ጀመሩ። ዙሩ በእስያና በአውሮፓ መካከል ከ10 እስከ 14 ቀን ይጨምራል። የጦር መርከቦቹ ዓይን ወደ ሁቲ ሲዞር ደግሞ የሶማሊያ ወንበዴዎች ሥራቸውን ቀጠሉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ «ሩዌን» የተባለችውን መርከብ ወስደው ሦስት ወር ያህል ከያዟት በኋላ የህንድ ባሕር ኃይል አስለቀቃት። ሁለቱም በር በአንድ ጊዜ ተንኳኳ ማለት ነው።

በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ 2017 ዓ.ም. ሁቲዎች «ማጂክ ሲስ» እና «ኢተርኒቲ ሲ» የተባሉ ሁለት መርከቦችን በአንድ ሳምንት ውስጥ አሰጠሙ። በመስከረም መጨረሻ 2018 ዓ.ም. የጋዛ ተኩስ አቁም ሲደረግ ጥቃቱ ጋብ አለ። ይሁን እንጂ መድን ሰጪ ኩባንያ «ጋብ አለ» የሚለውን ቃል በዋጋው ውስጥ ወዲያው አያስገባም። አደጋ ሲመጣ ዋጋ በአንድ ሌሊት ይወጣል። አደጋ ሲሄድ ግን ዋጋው የሚወርደው በወራት ነው፤ ያውም ከወረደ።

ርካሽ ዕቃ ይበልጥ ይከብደዋል

የስምንት ዋና ዋና የዓለም መስመሮችን አማካይ የሚያሳየው የድሩሪ መለኪያ ለባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 መጨረሻ 1,400 ዶላር አካባቢ ነበር። በሐምሌ 2024 ወደ 5,900 ዶላር ተጠጋ። ይህ የጅቡቲ ዋጋ አይደለም፤ ነገር ግን ኮንቴይነርና መርከብ በአንድ ቦታ ሲያጥር በሌላውም ስለሚወደድ አቅጣጫውን በሚገባ ያሳያል።

እዚህ ላይ የሁለቱን ከተሞች ነጋዴ በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ። የባሕር ኪራይ የሚከፈለው ለዕቃው ዋጋ ሳይሆን ለሚይዘው ቦታ ነው። ለምሳሌ አንድ ኮንቴይነር ሙሉ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ 200,000 ዶላር ያወጣል እንበል። ኪራዩ ከ1,400 ወደ 5,900 ዶላር ሲወጣ ከዕቃው ዋጋ አንጻር ከ0.7 በመቶ ወደ 3 በመቶ ገደማ ከፍ አለ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሱቅ ይህን ውጦ ሊቀመጥ ይችላል። በዚያው ኮንቴይነር የፕላስቲክ ባልዲ፣ ቴርሞስ፣ ብርጭቆና የጎማ ጫማ ቢሞላና ዋጋው 20,000 ዶላር ቢሆን ግን ኪራዩ ከ7 በመቶ ወደ 30 በመቶ ገደማ ይዘላል። የወልቂጤና የቡታጅራ ገበያ ደግሞ የሚኖረው በሁለተኛው ዓይነት ዕቃ ነው። ከገጠር ቀበሌ ለገበያ የሚመጣ ሰው የሚገዛው ባልዲና ጫማ እንጂ ቴሌቪዥን አይደለም። ስለዚህ የባሕሩ ረብሻ የሚመታው አነስተኛ ገቢ ያለውን ሸማችና ለእሱ የሚሸጠውን ቸርቻሪ አስቀድሞ ነው።

በዚህ ላይ ወቅት አለ። በጉራጌ አገር የዓመቱ ትልቁ ግዢ የመስቀል ነው። በየከተማው የተበተነው የጉራጌ ተወላጅ ከመስከረም አጋማሽ በፊት ወደ ቀዬው ይጓዛል፤ ልብሱ፣ ጫማው፣ ብርድ ልብሱ፣ የወጥ ቤት ዕቃው የሚሸጠው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው። ለአረፋ የሚገባውም ሰው ብዙ ነው። ለመስቀል የታሰበ ዕቃ ከመስቀል ሁለት ሳምንት በኋላ ሞጆ ደረቅ ወደብ ቢደርስ ዕቃው አልተበላሸም፣ አልጠፋም፣ መድንም አይከፍልበትም። ገንዘቡ ግን እስከ ሚቀጥለው በዓል ታስሯል፤ የባንኩ ወለድ አልታሰረም። የመርከብ መዘግየት በመድን ውል ውስጥ እንደ ጉዳት የማይቆጠር በመሆኑ ይህን ኪሳራ ብቻውን የሚሸከመው ነጋዴው ነው።

የማዳበሪያው ነገር

ለቡታጅራ ዙሪያ ከልብሱም ከጫማውም በላይ የሚያሳስበው ማዳበሪያ ነው። «ማረቆ ፋና» በሚል ስም የሚታወቀው የበርበሬ ዘር የወጣበት፣ ዛላው በመላ አገሪቱ ተፈላጊ የሆነ አካባቢ ነው። ችግኙ ከመደብ ወደ ማሳ የሚዛወረው ክረምቱ መግቢያ ላይ ስለሆነ ማዳበሪያው ከዚያ በፊት መጋዘን መግባት አለበት። ዘግይቶ የመጣ ማዳበሪያ ለሚቀጥለው ዓመት ካልሆነ በስተቀር አይጠቅምም። የዚህ ውጤት ደግሞ በመኸር በቡታጅራ የበርበሬ ተራ ላይ፣ ከዚያም በመርካቶ በርበሬ በረንዳ ላይ ይታያል።

ኢትዮጵያ ፎስፌት ያለበትን ማዳበሪያ በብዛት የምትገዛው ከሞሮኮ ነው። ከሞሮኮ ወደብ የተነሳ መርከብ ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው በስዊዝና በባብ ኤል መንደብ አልፎ ጅቡቲ መግባት ሲሆን፣ ሁለተኛው መላ አፍሪካን ዞሮ ከእጥፍ በላይ የሚረዝም መንገድ መጓዝ ነው። ሁለተኛውን የመረጠ ነዳጅና ቀን ይከፍላል። የመጀመሪያውን የመረጠ የጦርነት አደጋ አረቦን ይከፍላል።

አረቦኑ እንዴት ኩንታል ላይ እንደሚደርስ ማስላት ይቻላል። አረቦኑ የሚታሰበው ከመርከቧ ዋጋ ላይ ለአንድ ጉዞ ነው። ከጥቃቱ በፊት ከ0.05 በመቶ የማይበልጥ ነበር። ጥቃቱ በበረታባቸው ጊዜያት ግን እስከ 1 በመቶ ደርሷል። 40 ሚሊዮን ዶላር የምታወጣ መርከብ 40,000 ቶን ማዳበሪያ ጫነች እንበል። በ0.05 በመቶ ሒሳብ አረቦኑ 20,000 ዶላር ነው፤ ለኩንታል ሲካፈል 5 ሳንቲም የአሜሪካ። በ1 በመቶ ሒሳብ 400,000 ዶላር ይሆናል፤ ለኩንታል 1 ዶላር ሙሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የሁቲ ሚሳይል ባይጨምር እንኳ ያው አረቦን በብር ሲታሰብ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ባሕሩና ባንኩ በአንድ ወቅት ተደራርበው የመጡበት ዓመት ነበር።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ ለማንኛውም የማዳበሪያ ነጋዴ ሒሳቡን በዓይን የሚያሳይ ነው። «ሩቢማር» የተባለች የቤሊዝ ባንዲራ የያዘች መርከብ ወሽመጡ አጠገብ በሚሳይል ተመታች። ለሁለት ሳምንት ያህል ስትንሳፈፍ ቆይታ የካቲት 23 ቀን፣ ልክ በዓድዋ በዓል ዕለት፣ ሰጠመች። የጫነችው 21,000 ቶን ያህል ማዳበሪያ ነበር። በ50 ኪሎ ጆንያ ሲቆጠር 420,000 ጆንያ ማለት ነው። ጭነቱ ለኢትዮጵያ የታሰበ አልነበረም። ሆኖም የሰጠመችው ለኢትዮጵያ የሚመጣውም በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው።

ፊርማውና ወንበሩ

ይህ ሁሉ በአንድ አገር አቅም የሚፈታ አይደለም። «ጊቤ»ን ያስጣለው የህንድ መርከብ እንጂ የኢትዮጵያ አልነበረም። ኢትዮጵያ በ1980ዎቹ ባሕር ኃይሏን አፍርሳ ነበር፤ በ2010ዎቹ እንደገና ማቋቋም ብትጀምርም ጠረፍ የላትም። ስለዚህ ያላት መሣሪያ የጋራ ስምምነት ነው።

«ጊቤ» ከተከበበች ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ጥር 21 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ጅቡቲ ላይ የባሕር ውንብድናን ለመከላከል የተዘጋጀው የጅቡቲ የሥነ ምግባር ደንብ ሲፈረም ኢትዮጵያ በመጀመሪያው ዕለት ከፈረሙት ዘጠኝ አገሮች አንዷ ነበረች። ባሕር የሌላት አገር በባሕር ሰነድ ላይ ቀድማ መፈረሟ ለአንዳንዱ ያስቅ ይሆናል። ለነጋዴው ግን አያስቅም፤ መርከብና ጭነት አላት። በጥር 2009 ዓ.ም. ጂዳ ላይ ደንቡ ሲሻሻል ከውንብድና አልፎ የጦር መሣሪያና የሰው ዝውውርን፣ ሕገ ወጥ ዓሣ ማስገርን፣ ባሕርን መበከልን እንዲጨምር ተደረገ። ባሕሩን ሳያጠፉ ስለመጠቀምም ተጻፈበት። ኢትዮጵያ እዚያም ፈርማለች።

ፊርማው ግን ብቻውን መርከብ አያድንም። ደንቡ ሦስት የመረጃ ማዕከላት እንዲኖሩት ያደርጋል፤ አንዱ ሞምባሳ፣ ሁለተኛው ዳሬ ሰላም፣ ሦስተኛው ሰንዓ። ሰንዓ በሁቲዎች እጅ ከገባች ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የወሽመጡን አደጋ ለመርከቦች ማሳወቅ የነበረበት ማዕከል አደጋውን በሚፈጥረው ወገን ከተማ ውስጥ ቀረ። ከዚህ የበለጠ የስምምነቱን ድካም የሚያሳይ ነገር መፈለግ አያስፈልግም።

ሌላው መድረክ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የተቋቋመው የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የዓረብና የአፍሪካ አገሮች ምክር ቤት ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ግብፅ፣ ዮርዳኖስ፣ ሱዳን፣ የመን፣ ኤርትራ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ አሉበት። ጠረፍ የሌላት ኢትዮጵያ ወንበር የላትም። ስምንቱንም አባላት በሕዝብ ብዛት የምትበልጥ፣ የጅቡቲ ወደብ ዋና ደንበኛ የሆነች አገር በመንገዱ ላይ ሲመከር ውጭ ቆማ ትጠብቃለች። የአባልነት መለኪያው ጠረፍ መሆኑ የሚገባ ነገር ነው፤ ከፋዩ ማን እንደሆነ ግን አይመልስም።

ኢጋድም አለ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ጅቡቲ ነው፣ ስለ ቀይ ባሕር የሚመክር ግብረ ኃይል አቋቁሟል፣ የባሕር ሀብት ስልትም አውጥቷል። ነገር ግን ረጅም የቀይ ባሕር ጠረፍ ያላት ኤርትራ በ2015 ዓ.ም. ወደ ድርጅቱ ተመልሳ በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. እንደገና ለቃ ወጥታለች። በአባላቱ መካከል ያለው ቅሬታም ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ስትፈርም ሞቃዲሾ ተቆጣች፤ ነገሩ በቱርክ አደራዳሪነት አንካራ ላይ ረገብ ያለው ከዓመት ገደማ በኋላ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ነው። የበር ፍለጋው ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው የፖለቲካ ክርክር ነው። ለገበያው የሚተርፈው ነገር ግን ግልጽ ነው። በጎረቤቶች መካከል ቃል በተወራወረ ቁጥር አስመጪው ዕቃ ለመጫን ያመነታል፣ ያስመጣውም ለመሸጥ ያመነታል።

የጉራጌ ነጋዴ የጋራ መዋጮን ምንነት ከሌላው ይልቅ ያውቀዋል። በ1950ዎቹ የአለም ገና–ቡታጅራን መስመርና ወደ ወልቂጤ ዙሪያ የሚገቡትን መንገዶች ለማሠራት ሕዝቡ ማኅበር አቋቁሞ፣ መርካቶ ያለው ተወላጅ ሳይቀር አዋጥቷል። በዚያ ማኅበር ያዋጣ ሰው ስለ መንገዱ የመናገር መብት ነበረው። በባሕሩ መንገድ ላይ መዋጮው በየጆንያው ይሰበሰባል። መብቱ ግን ገና አልመጣም።

ዓሣውና ዘይቱ

የባሕር ልማት የሚለው ነገር ለነጋዴ ሩቅ ይመስላል። ሁለት ምሳሌ ብቻ ይበቃል።

የመጀመሪያው ሶማሊያ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲፈርስ ጠረፉን የሚጠብቅ ጠፋ። የውጭ አገር መርከቦች ያለ ፈቃድ ገብተው ዓሣውን ማጋዝ ጀመሩ። የአካባቢው ዓሣ አስጋሪዎች በመጀመሪያ መሣሪያ ይዘው የወጡት መረባችንን ቀደዱብን፣ ዓሣችንን ወሰዱብን ብለው ነው ይባላል። ብዙም ሳይቆይ መርከብ አግቶ ቤዛ መቀበል ከዓሣ የሚበልጥ ንግድ መሆኑን የተረዱ ባለ ገንዘቦች ሥራውን ወረሱት። ሰበቡ ወንበዴውን ነጻ አያወጣውም። ሆኖም ዓሣው ተጠብቆ፣ የአስጋሪው ገቢ ተከብሮ ቢሆን ኖሮ ለወንበዴ አለቃ የሚቀጠር ወጣት በቀላሉ ባልተገኘ ነበር። ዘበኛ መርከብ ለመላክ የሚወጣው ገንዘብ ለዓሣ ጥበቃ ከሚወጣው ስንት እጥፍ እንደሆነ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው «ሴፈር» የተባለችው አሮጌ የነዳጅ ማጠራቀሚያ መርከብ ናት። በየመን ጠረፍ፣ ከሁዴይዳ በስተሰሜን፣ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ዘይት እንደያዘች ጦርነቱ ሲነሳ ጠጋኝ አጣች። ብትሰነጠቅ ኖሮ ጽዳቱ ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ያስወጣ እንደነበር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ገምቶ ነበር፤ የቀይ ባሕር ዓሣና ኮራል ይጠፋ፣ የመርከብ መተላለፊያውም ይታወክ ነበር። ድርጅቱ ከመንግሥታት፣ ከኩባንያዎችና ከተራ ሰዎች ጭምር ገንዘብ ለምኖ ሌላ መርከብ ገዛ። የየመን ተፋላሚዎች ሁለቱም ወገኖች ፈቀዱ። ዘይቱ ነሐሴ 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ተገልብጦ አለቀ። ከሦስት ወር በኋላ ጥቃቱ ሲጀመር ያ ሁሉ ዘይት አሮጌዋ መርከብ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ምን ሊከተል ይችል እንደነበር ማሰብ ይቻላል። በዚህ ባሕር ላይ ትብብር ሠራ ከተባለ፣ የሠራው እዚህ ነው።

«ሩቢማር» ስትመታም ከውስጧ የወጣው ዘይት 29 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባሕሩ ላይ ተዘርግቶ ታይቷል። በዚያው ሰሞን ሦስት የባሕር ውስጥ የኢንተርኔት ገመዶች ተቆረጡ፤ የምትንሳፈፈው መርከብ መልህቅ ጎትቶ ሳይበጥሳቸው እንዳልቀረ ተነግሯል። ሒሳቡን በስልክ የሚልክ የወልቂጤ ባለ ሱቅ ስለ ባሕር ወለል የሚያስብበት ጊዜ ላይመጣ ይችላል፤ የአገሪቱ ኢንተርኔት ግን በብዛት የሚገባው በዚያው በጅቡቲ በኩል ነው።

ውሉ ላይ ያለው ጽሑፍ

ወደ ኪስ ሲመጣ፣ በቀጥታም ሆነ ከሌሎች ጋር ተባብረው የሚያስመጡ የሁለቱ ከተሞች ነጋዴዎች ቁጥር ከዓመት ዓመት ጨምሯል። ብዙዎቹ የመድኑን ወረቀት የሚያዩት ባንክ ኤል ሲ ለመክፈት ስለጠየቃቸው ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው።

መደበኛው የባሕር ጭነት መድን የጦርነት ጉዳትን አይሸፍንም። የጦርነት አደጋ ተጨማሪ ተከፍሎበት ለብቻው የሚገዛ ነው። እሱም የሚሠራው ዕቃው መርከብ ላይ ባለበት ጊዜ ነው፤ ዕቃው ከመርከብ ሲወርድ ያበቃል፣ ባይወርድም መርከቧ ወደብ በደረሰች በ15 ቀን ይቋረጣል። ከጅቡቲ እስከ ሞጆ፣ ከሞጆ እስከ ቡታጅራ ባለው መንገድ አይሠራም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መድን ሰጪው በ7 ቀን ማስጠንቀቂያ ሽፋኑን ሊሰርዝ ወይም ዋጋውን ሊቀይር ይችላል። ጉዞ የጀመረ ጭነት በነበረው ይጠበቃል፤ ገና ያልተጫነው ግን በአዲሱ ዋጋ ይገዛል። ስለዚህ በውል ቀንና በመጫኛ ቀን መካከል የሚያልፉት ሳምንታት ለነጋዴው ያልተሸፈነ ሥጋት ናቸው።

ሌላው «ጄኔራል አቬሬጅ» የሚባለው ነው። መርከቧን ከአደጋ ለማዳን የወጣ ወጪ በባለ መርከቡና በባለ ጭነቶቹ ሁሉ ላይ እንደየዋጋቸው ይከፋፈላል። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ስዊዝ ቦይን ለስድስት ቀን የዘጋችው «ኤቨር ጊቨን» ይህን አውጃ ነበር። ዕቃው ምንም ያልሆነበት ነጋዴ ጭምር ድርሻውን እንደሚከፍል ዋስትና ካላቀረበ ኮንቴይነሩን አይረከብም። መድን ያለው ሰው ዋስትናውን መድን ሰጪው ይጽፍለታል። መድን የሌለው በጥሬ ገንዘብ ያስይዛል፤ ያውም በዶላር።

በደህናው ጊዜ ከቻይና ወደብ የተጫነ ዕቃ ጅቡቲ እስኪደርስ ወር ያህል ይወስዳል። ወደቡ፣ ባቡሩ ወይም ከባድ መኪናው፣ ጉምሩኩ፣ የመርካቶ ጅምላ መጋዘኑ ሲደመር ሌላ ወር ይሄዳል። ለመስቀል የሚሆን ጫማ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ካልተጫነ ባሕሩ ሰላም ቢሆን እንኳ የመድረሱ ነገር ጠባብ ነው። ባሕሩ ከተረበሸ ደግሞ ትእዛዙ ግንቦት ከመግባቱ በፊት መሄድ አለበት። ያ ወቅት የማዳበሪያ መርከቦች ጅቡቲ ላይ የሚራገፉበት፣ ከባድ መኪና የሚጠፋበት ወቅትም ነው።